ፖምፓ ሽማግሌ አያውቅም

አንድ ቁልፍ የሚወድ ጌታ ነበረ። ስሙ አቶ ድንበሩ ነው፤ አገሩ ግን «ቆልፈው» ይለዋል። አሥራ ሁለት ካሚዮን አለው፣ አንድ ትልቅ ጋራዥ አለው፣ አንገቱ ላይ ደግሞ እንደ ማተብ ያሰረው የቁልፍ ዘለላ አለው። ሲራመድ ዘለላው ስለሚንሿሿ፣ ሰው የተሸለመች በቅሎ የመጣች እየመሰለው መንገድ ይለቅለታል። ስኳሩን ይቆልፋል፣ ጨውን ይቆልፋል፣ ሽንት ቤቱንም ይቆልፋል። ሠራተኛ ሲቸግረው ሮጦ መጥቶ ያስፈቅዳል፤ ጌታው ደግሞ ረጋ ብሎ «ትናንት ሄደህ አልነበር እንዴ?» ይለዋል። ውሻው እንኳ ሌባ ሲያይ መጀመሪያ ጌታውን አይቶ ነው የሚጮኸው ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ፤ ውሻውን የጠየቀው የለም።

በዚህ ጋራዥ ውስጥ ሽታዬ የምትባል የፖምፓ ሠራተኛ ነበረች። ፖምፓ ማለት ናፍጣውን በግፊት እየረጨ ሞተሩን የሚያበላ፣ የካሚዮን ልብ ነው። ሽታዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ልብ ስትፈታና ስትገጥም ኖራለች። እጇ ከናፍጣ ተለይቶ አያውቅም። አንዴ ሽቶ ተቀብታ ሠርግ ብትሄድ ሙሽራው አሽትቶ «ካሚዮኑ መጣ እንዴ?» ብሎ ብድግ አለ። ቁመቷ አጭር ነው፤ ምላሷ ግን አይደለም።

ከእሷ በላይ የተሾመው ዋናው መካኒክ ሞላልኝ ይባላል። ሞላልኝ የሚያውቃት መልስ አንዲት ብቻ ናት፤ «ፖምፓ ነው።» መኪና ጉልበት ሲያጣ «ፖምፓ ነው።» ጎማ ሲተነፍስ ጎንበስ ብሎ ያይና «ፖምፓ ነው።» አማቱ ሲያስላቸው አድረው ምን ይሻላል ቢባል «ፖምፓ ነው፤ ይውረድላቸው» ያለ ሰው ነው። ሴትየዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ፊት ስለው አያውቁም።

ታዲያ አንድ ቀን አቶ ድንበሩ ከእንቅልፉ ሲነሣ «ሾፌሮቼ ናፍጣዬን መንገድ ላይ በቱቦ እየመጠጡ ይወስዱብኛል» አለ። የት አየሃቸው ቢሉት በሕልሙ ነው። ሕልም ይዋል ይደር አላለም፤ በዚያው ጠዋት የአሥራ ሁለቱንም ካሚዮን የናፍጣ ታንከር አሸገ። ከክዳኑ ሥር ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ሦስት ድርብ አደረገበት። በላዩ በሽቦ ጠፈረው። ሽቦው ላይ ቁልፍ፣ ቁልፉ ላይ ቀይ ማኅተም።

«ከግቢዬ ውጭ ይህን ማኅተም የነካ ሌባ ነው፤ በዚያው ይቅር!» ብሎ አወጀ።

ከዚያ ወዲህ ናፍጣ ሲቀዳ እሱ ራሱ ይከፍታል፣ እሱ ራሱ ይዘጋል። ሲዘጋም ታንከሩ ላይ ወጥቶ በጉልበቱ ይጫነዋል፤ ላየው ሰው ጠላቱን የሚያንቅ ነበር የሚመስለው።

ጋራዡ ካለባት ከተማ ራቅ ብሎ አህያ አስለቅስ የሚባል ዳገት አለ። ስሙን ያወጣችለት ራሷ አህያዋ ናት ይላሉ፤ ወገቡ ላይ ስትደርስ ጭነቷን ጥላ ባለቤቷን ተሸከመኝ ያለችበት ነው። ከቆላ የሚመጣ ጨው ሁሉ በዚያ ነው የሚወጣው። ማኅተሙ ከታተመ ሳምንት ሳይሞላው የአቶ ድንበሩ ካሚዮኖች ዳገቱ ላይ መሞት ጀመሩ። ግቢ ውስጥ እንደ ወይፈን ይዘላሉ። ሁለት ሰዓት ተጉዘው ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ኸህ፣ ኸህ ብለው ጸጥ። ተጎትተው ይመለሳሉ፣ ጌታው ክዳኑን ከፍቶ ናፍጣ ይጨምርላቸዋል፣ ሞላልኝ ሞተሩን ያስነሣል፣ እንደገና ወይፈን!

«ፖምፓ ነው» አለ ሞላልኝ።

ፖምፓዎቹን ደግሞ የጠገነችው ሽታዬ ናት። አንዱን አወረደችና መሞከሪያው ላይ አስራ ግፊቱን ለካች። ደህና ነው። ደግማ ለካች። ሦስተኛም ለካች። ከዚያ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ቀና አለች።

«ይኼ ፖምፓ አልታመመም» አለች። «ተርቧል።»

«ማን አስርቦት?» ሞላልኝ ሳቀ። «ታንከሩ እኮ ከግማሽ በላይ ናፍጣ አለው።»

«ጎተራው ሙሉ ሆኖ የተራበ ሰው አላየህም? ጎተራው ሲቆለፍ ነው እንዲህ የሚሆነው።»

«ቆልፈው» የሚለውን ስም የነካካች ስለመሰለው አቶ ድንበሩ ተቆጣ። ወዲያው አንድ ወረቀት አስጻፈ። ወረቀቱ «የካሚዮኖቹን ፖምፓ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ይላል፤ ከሥሩ የሽታዬ ስምና ባዶ ቦታ።

«ፈርሚ» አላት። «ከፈረምሽ ይቅር ብዬሽ ግቢ ትጠርጊያለሽ። አልፈርምም ካልሽ ግን ውጪ! በዚህ መንገድ ላይ ከእንግዲህ ፖምፓ የሚያስነካሽ ሰው እንዳይኖር አደርጋለሁ።»

ሽታዬ ወረቀቱን አነበበችው። ሃያ ሁለት ዓመቷ በአንድ መስመር ተጽፎ ጠበቃት። ከእጇ ሌላ ርስት የላትም፤ የእጇ ስም ደግሞ እዚህ ወረቀት ላይ ከሞተ፣ ሰውነቷ ብቻ መጥረጊያ ይዞ መዞሩ ነው።

«አልፈርምም» አለች።

ጌታው የሦስት ቀን ጊዜ ሰጣትና ሽማግሌ ላከባት።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሎች ጥላ ይዘው፣ ጋቢ ደርበው ቤቷ መጡ። አንደኛው ሊናገሩ፣ ሁለተኛው ሊያረጋግጡ፣ ሦስተኛው ምሳ ካለ ሊያዩ።

«ልጄ ሽታዬ» አሉ ትልቁ፤ «ፊርማ እኮ ምንድን ነች? አንዲት ጭረት ናት። ለሰላም ብለሽ ፈርሚለት። ጌታ ነው፣ ይበርድለታል። ደግሞ ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም።»

«እውነት ነው፣ አይመለስም» አሉ ሁለተኛው።

ሽታዬ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች። «አባቶቼ፣ የበደልኩት ቢኖር ለእናንተ ስል ድንጋይ ተሸክሜ እወድቅ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። እኔ ብፈርም ካሚዮኑ ዳገቱን ይወጣል?»

ሽማግሎቹ ተያዩ።

«እሱ እንኳ…» አሉ ትልቁ።

«ነገ ሌላው ሲቆምስ ማን ሊፈርም ነው? ፖምፓ እኮ ሽማግሌ አያውቅም፣ አባቶቼ። ብትለምኑት አይሠራ፣ ብትረግሙት አይቆም። የጎደለበትን ካልሰጡት በስተቀር ማንንም አይሰማም። እኔም ዛሬ እንደሱ ሆኛለሁ፤ ይቅር በሉኝ።»

ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ሳቁ። ሁለተኛው በልማድ «እውነት ነው» አሉና ምን እንዳሉ ሲገባቸው ደነገጡ። ሦስተኛው «ምሳ አለ ወይ?» አሉ። ምሳ ነበር። በሉ፣ መረቁ፣ ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

ሽታዬ በማግሥቱ ጋሽ ወርዶፋን ፈለገችው። ወርዶፋ የሰባት ቁጥሯ ካሚዮን ሾፌር ነው፤ ሦስቴ ዳገት ላይ የቀረው እሱ ነው።

«ጋሽ ወርዶፋ፣ ሞተሩ ሊጠፋብህ ሲል ምን ትሰማለህ?»

«ስድብ» አለ። «ከኋላዬ የተሰለፈው ሾፌር ሁሉ ዘር ማንዘሬን እየጠራ።»

«ከስድቡ በፊት!»

«ከስድቡ በፊትማ…» አሰበ። «ከታንከሩ በኩል ፉጨት አለ። ቀጭን፣ እንደ እባብ። ከዚያ ቆርቆሮው ዷ! ይላል።»

«ያኔ ክዳኑን ከፍተህ አይተህ ታውቃለህ?»

ወርዶፋ ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ክዳኑን! አንቺ ሴት፣ ስድስት ልጅ አለኝ እኮ» አላት።

ለሽታዬ በዚህ በራላት። ናፍጣ ከታንከር ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። ለዚሁ ብላ ክዳኑ ላይ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ ተበጅታለች። ጌታው እሷን ነው በሦስት ድርብ ላስቲክ የደፈናት። ጡጦ የጠባ ሕፃን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አየር ካልገባ ጡጦው ይጨማደዳል፣ ሕፃኑ ወተት አፉ ላይ እያለ በረሃብ ይጮኻል። አቶ ድንበሩ ግን ልጅ ሲያሳድግ ጡጦውንም ይቆልፍ ስለነበር ይህን የሚያይበት አጋጣሚ አላገኘም።

ጌታው ዘንድ ሄደች። «ጌታዬ፣ ክዳኑን ያላሉልኝ» አለች።

«አሃ!» ከወንበሩ ዘለለ። «ሌባዋ ተገኘች!»

«እንግዲያው ይሰሙኝ። አዲስ ፖምፓ ከካርቶኑ አውጥታችሁ ሰባት ቁጥር ላይ ግጠሙ። እጄ አይንካው። ጨው ጭነን እርስዎ፣ ሞላልኝ፣ ጋሽ ወርዶፋና እኔ አራታችን አብረን እንውጣ። ካሚዮኑ ዳገቱን ከወጣ ወረቀቱን እዚያው ጫፍ ላይ እፈርምልዎታለሁ። ካልወጣ ክዳኑን እኔ እከፍተዋለሁ።»

አቶ ድንበሩ የመጀመሪያውን ሰማ፤ ሁለተኛውን አልሰማም። ጌታ ሲኮን ለጆሮም ቁልፍ ይገዛል። «አዲስ ፖምፓማ ይወጣል!» አለና ወረቀቱን ከብዕሩ ጋር ደረት ኪሱ ከተተ።

ሞላልኝ አዲሱን ፖምፓ ገጠመ። ጌታው ክዳኑን ጫነ፣ ጠፈረ፣ ቆለፈ፣ አተመ። ከዚያ አራቱም ጋቢና ውስጥ ገቡ። ወርዶፋ መሪው ላይ፣ ሽታዬ አጠገቡ፣ አቶ ድንበሩ በመስኮት በኩል ቁልፎቹን ጨብጦ። ሞላልኝ ቦታ ስላልተረፈው ከማርሹ ጋር ተቃቅፎ ተቀመጠ፤ ወርዶፋ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ሞላልኝም አብሮ ይቀየራል።

ሜዳው ላይ ካሚዮኑ ነጎደ። «አየሽ?» ይላታል ጌታው። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይም ነጎደ። «አየሽ?» ሁለተኛው ላይም «አየሽ?» አላት፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን ብዕር ዳበሰ። ሽታዬ ታዳምጣለች። ጆሮዋ ታንከሩ ላይ ነው። ፉጨቷ መጣች።

«ምንድን ነው የሚያፏጨው?» አለ ጌታው።

«ማኅተምዎ ነው» አለችው።

ኸህ። ኸህ። ዷ! ካሚዮኑ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመ።

ወርዶፋ ፍሬኑን ረግጦ «ድንጋይ! ድንጋይ!» ብሎ ጮኸ። ሞላልኝ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ከኋላቸው የተሰለፉት ሾፌሮች ጥሩምባቸውን እየነፉ፣ ከነፉ በኋላም ወርደው ሊያዩ ከበቡ። ከጎን ገደል ነው። ካሚዮኑ ሦስት መቶ ኩንታል ጨው ተሸክሞ ድንጋዩ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ሽታዬ የናፍጣ ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ጋ ሄዳ ብሎኑን አላላችና በእጅ መሳቢያው ናፍጣ ለመሳብ ሞከረች። አንዲት ጠብታ ጠብ አላለችም። መሳቢያው ጭራሽ እጇን ወደ ውስጥ ጎተታት።

«ፖምፓ ነው» አለ ሞላልኝ ከድንጋዩ አጠገብ። ከዚያ ገና ዛሬ ጠዋት ከካርቶን ያወጣው እሱ መሆኑ ትዝ አለውና አፉን በመዳፉ ያዘ።

«ይምጡ እዚህ ጋ፣ ጌታዬ» አለች ሽታዬ። ታንከሩ ጉንጮቹን ወደ ውስጥ ስቧል። ጥርስ የሌላት አሮጊት ሎሚ ስትመጥ የምትሆነውን ሆኗል።

«ሲገዛም እንደዚህ ነበር» አለ አቶ ድንበሩ።

«ቁልፉን ይስጡኝ።»

«አልሰጥም! ዓይኔ እያየ ልትሰርቂኝ ነው?»

«ድንጋዩ እየተፈጨ ነው እኮ፣ ጌታዬ!» ወርዶፋ ከላይ ጮኸ። ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሩ ቆሟል።

ጌታው ዘለላውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ጨበጠ። ገደሉን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ ማኅተሙን አየ። ከሦስቱ የሳሳው ለማኅተሙ ነው። «የነካው ሌባ ነው ብያለሁ» አለ። «ሕግ ሕግ ነው። የነካሽው እንደሆነ አለቀልሽ።»

ሽታዬ ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ መዶሻ አነሣች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምንም አላጠፋችም፤ ዝም ብላ ብትቆም እውነቷ በራሱ ተገልጧል። ከመታችው ግን ጥፋቱ የእሷ ነው፣ ምስክሩም ዳገት ሙሉ ሰው።

«ጌታዬ» አለች፤ «ሌላውን ሁሉ ቆልፈውበት ኖረናል፣ ችለናል። ትንፋሽ ግን የርስዎ አይደለም።»

መታችው። ማኅተሙ ተበተነ። ደግማ መታችው፣ ቁልፉ ዘለለ። ሽቦውን በፒንሳ ቆርጣ ላስቲኩን ስትመነጭቀው ታንከሩ ሽሽሽሽ ብሎ አየር ማገ። እንዴት አድርጎ እንደማገ! አንዲት ዝንብ ስትበር ተስባ ገባች። የሽታዬ ሻሽ ጫፉ ተከተለ። የአቶ ድንበሩ ባርኔጣም መንገድ ሊጀምር ሲል በክርኑ አስቀረው። ከዚያ ቆርቆሮው ዷ! ብሎ ጉንጩን መለሰና፣ አምጣ የተገላገለች ሴት ይመስል እፎይ አለ።

ሽታዬ በመሳቢያው አየሩን አወጣች፤ ናፍጣው ጢር ብሎ ክንዷን አጠባት። ብሎኑን አጠበቀች። «አስነሣ፣ ጋሼ!»

ሞተሩ ነጎደ። ዳገቱ አስተጋባ። ከኋላ የተሰለፈው ጥሩምባ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ፤ አሁን ግን ስድብ አልነበረም።

አቶ ድንበሩ የተበተነ ማኅተሙን ከመሬት እየለቀመ፣ «ተባረሻል!» አላት። «ሌባ ነሽ! ሁሉም አይቷል!»

«አይተዋል» አለች ሽታዬ። «ወረቀቱን ያምጡት።»

«የምን ወረቀት?»

«የምፈርመውን ነዋ። ሦስት ቀን ሲለምኑኝ አልነበር?»

ከደረት ኪሱ መዘዘችው፤ ብዕሩንም። የካሚዮኑ ግንባር ላይ ዘርግታ «የካሚዮኖቹን ፖምፓ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» የሚለውን በአንድ ረጅም መስመር ሰረዘች። ከሥሩ በትልልቁ እንዲህ ጻፈች፤ «ፖምፓው ጤነኛ ነው። ማኅተሙን የሰበርኩት እኔ ሽታዬ ነኝ። ብትደግሙት እደግመዋለሁ።» ፈረመች። ለጌታው በሁለት እጇ፣ እጅ ነሥታ ሰጠችው። ሥርዓትማ ሥርዓት ነው።

ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ዳገቱን በእግሯ መውረድ ጀመረች።

«የት ነው የምትሄጂው?» አለ ወርዶፋ።

«ተባርሬያለሁ እኮ።»

«ከጋራዡ ነው የተባረርሽው። ከዚህ ካሚዮን ማን አባረረሽ? ግቢ!»

«አትገባም!» አለ አቶ ድንበሩ።

ወርዶፋ በመስኮት አንገቱን አወጣ። ያው ስድስት ልጅ ያለው ወርዶፋ ነው። «ጌታዬ» አለው፤ «ቁልፉ አንገትዎ ላይ ነው፤ መሪው ግን እጄ ላይ ነው። ከእሷ ጋር ይቀመጣሉ ወይስ በእግርዎ ይሄዳሉ?»

አቶ ድንበሩ ኩራቱን መረጠ፤ በእግሩ ወጣ። አህያ አስለቅስን አህያዋ እንኳ ያላሰበችውን፣ ዘለላውን እያንሿሿ ወጣው። ጫፍ ሲደርስ የጫማው ሶል ቀድሞት ደርሶ ነበር ይባላል።

በማግሥቱ አሥራ ሁለቱም ሾፌሮች የካሚዮናቸውን ቁልፍ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩለት። «ታንከሩ ካልተነፈሰ አንነዳም» አሉ። ሰውየው ቁልፍ ይወዳል እንጂ ያንን ሁሉ ቁልፍ በአንድ ቀን አይቶ አያውቅም፤ ደነገጠ። ሳምንት ሳይሞላ የክዳኑ ቀዳዳ ሁሉ ተከፈተ። ላስቲክ የለ፣ ሽቦ የለ፣ ማኅተም የለ። ካሚዮኖቹ ዳገቱን እየዘፈኑ መውጣት ጀመሩ። አቶ ድንበሩ ግን ተሳስቼ ነበር አላለም። ዛሬም ሲጠይቁት «ተራራው ነው እንጂ፣ ዘንድሮ ዝቅ ብሏል» ይላል።

ሽታዬ ተመለሽ ብትባልም አልተመለሰችም። እዚያው ዳገቱ ሥር በቆርቆሮ የተሠራ የራሷን የፖምፓ ቤት ከፈተች። የሚያልፍ ካሚዮን ሁሉ እዚያ ሲደርስ አንዴ ጥሩምባ ይነፋላታል። ሞላልኝም ተምሯል፣ እንዳትንቁት። አሁን መኪና ሲቆም «ክዳን ነው» ይላል። ጎማ ሲተነፍስም «ክዳን ነው።» ባለፈው አማቱ ቢያስላቸው ማን ክዳናቸውን እንደዘጋው ጠይቋል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሰውም፣ ቤትም፣ አገርም እንደ ታንከር ነው። ጉልበቱን የሚሰጠው እየተነፈሰ ነው። ያፈናችሁት ነገር ሙሉ ሆኖ ይነጥፍባችኋል፤ ያኔ ልቡ ደከመ ብላችሁ ልቡን አታውርዱበት፣ መጀመሪያ እጃችሁ የት እንደተጫነ እዩ። ባላጠፋችሁት ደግሞ ሽማግሌ ቢመጣ፣ ጌታ ቢቆጣ፣ አትፈርሙ። ማኅተም የሰበራችሁ ቀን ግን አትደበቁ፤ ስማችሁን በትልልቁ ጻፉ።

አሁን አንዴ ዝም በሉና አዳምጡ። ከቤታችሁ ውስጥ ቀጭን ፉጨት አይሰማም? ቁልፉስ ማን አንገት ላይ ነው የሚንሿሿው፤ የሌላ ሰው ነው ወይስ የራሳችሁ?